የአምባሰል አሥራ አንድ ጥያቄዎች

እጅ የማውጣት በሽታ አለብኝ። አንደኛ ክፍል ጀመረኝ፤ ይኸው ዩኒቨርሲቲም አብሮኝ ገብቷል። አስተማሪ «ማን...» ብሎ አፉን ሲከፍት እጄ ከእኔ ቀድሞ ይወጣል። ጥያቄው ምን እንደሆነ የምሰማው እጄ አየር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ዳይሬክተሩ ገብተው «ማን ነው መስኮቱን የሰበረው?» ሲሉ እጄን አውጥቼ የተገረፍኩ ሰው ነኝ። መስኮቱን የሰበረው ልጅ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ባየኝ ቁጥር ሻይ ይጋብዘኛል።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ አምባሰል ላይ የሆነውን ስትሰሙ ጥቂት እንድታዝኑልኝ ብዬ ነው።

ሒሳብ የሚያስተምሩን መምህር ኬንጂ ጃፓናዊ ናቸው። በአገራቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አስጠልቷቸው በበጎ ፈቃድ ደሴ የመጡ፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኛ ይልቅ የጠራ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል አንስተው ቀስ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ሒሳቡን ትተው የአገራቸውን ተራሮች ፎቶ አሳዩን። እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ሸንተረር፤ ድንጋይ ላይ የተቸነከረ ሰንሰለት፤ ሰንሰለቱን ይዞ በገደል አፋፍ የሚሄድ ሰው። ሰውየው ራሳቸው ናቸው። ሸንተረሩ ላይ ትንሽ የእንጨት ቤት አለች። እዚያ አድረው ጠዋት ፀሐይ ከደመና በላይ ስትወጣ ያያሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተራራ ሳይወጡ ያለፋቸው ዓመት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያገቡበት ዓመት ነው አሉ።

ከዚያ ፎቶውን አጠፉና ግራ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ወር ሳይሞላ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ሐኪማቸው ከዚያ በኋላ ተራራን በፎቶ ብቻ እንዲወዱት መክሯቸዋል። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት አንድ የኢትዮጵያ ሸንተረር ወጥተው፣ አድረው፣ ፀሐይዋን ማየት ይፈልጋሉ። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲያልፉ በመኪና መስኮት ያዩት አንድ ተራራ ከዓይናቸው አልጠፋም።

«ማን አምባሰልን...» አሉ።

እጄ ወጣ።

«...ወጥቶ ያውቃል?» ብለው ጨረሱ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። የአምባሰልን ተራሮች ከተወለድኩ ጀምሮ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። ማየትና መውጣት ግን ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ እንደማሽተትና ገብቶ እንደመብላት ነው።

«ስንት ጊዜ ወጥተሃል?»

«ብዙ ጊዜ» አልኩ።

አንድ ጊዜ ብል እንኳ ውሸቴ ቀለል ይል ነበር። ውሸት ግን እንደ በርበሬ ነው፤ ከእጅ ካመለጠ ወጡን ሙሉ ይዞት ይሄዳል።

አጠገቤ የተቀመጠው የዶርም ጓደኛዬ ሰይድ ነው። ሰይድ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ከተራራው ወገብ ላይ ከምትገኝ መንደር የመጣ። እጁ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል።

«አንተ ለምን እጅህን አላወጣህም?» አልኩት ስንወጣ።

«እኔ የወጣሁት ፍየል ፍለጋ ነው» አለ። «ፍየል ፍለጋ መውጣት ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም።»

በማግስቱ መምህር ኬንጂ ቢሯቸው ጠርተው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። በአገራቸው ማንም ሰው ዝም ብሎ ተራራ አይወጣም። ማን ማን እንደሚሄድ፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ፣ ምን እንደሚበላ፣ ዝናብ ቢመጣ በየት እንደሚወርድ ይጽፍና ተራራው ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ቢዘገይ ወረቀቱን አይተው ይፈልጉታል። ይህንኑ ቅጽ በገዛ እጃቸው ወደ አማርኛ መልሰውታል። አሥራ አንድ ጥያቄ አለው።

«አንተ ተራራውን ስለምታውቀው አንተ ሙላው» አሉኝ።

«እሺ» አልኩ። በደስታ። እኔ ቅጽ መሙላት እወዳለሁ።

የሴሚስተር ዕረፍት ስለነበር ወረቀቱን ይዤ ሐይቅ ገባሁ። ሰይድም አብሮኝ መጣ፤ መንገዱ ነው። ጥያቄ አንድና ሁለት ስምና ዕድሜ ስለሚጠይቁ ያለ አንዳች ችግር አለፍኳቸው። ጥያቄ ሦስት የመንገዱን ካርታ ሣል ይላል። እዚህ ላይ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ መሰላል ተውሼ የቤታችን ጣራ ላይ ወጣሁና ከዚያ ሆኜ የሚታየኝን ተራራ እያየሁ ሣልኩ። እናቴ ከታች ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችኝና ለጎረቤታችን፣ «የዘንድሮ ትምህርት ጣራ ላይ ሆኗል» አለቻት።

ካርታው ካለቀ በኋላ ስለመንገዱ ለመጠየቅ ከተማ ወጣሁ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለአምባሰል የማያውቅ ሰው የለም። የባጃጅ ሹፌሩ ሦስት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ይፈጃል አለኝ። ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግን አንድ ዓሣ አስጋሪ ደግሞ እያንዳንዱን ድንጋይ፣ እያንዳንዱን ምንጭ፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ ነገረኝ። አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። «እርስዎ ስንት ጊዜ ወጡ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እኔማ ከውኃ ርቄ አላውቅም» አሉ። አሥራ ሁለቱን ገጽ አልቀደድኳቸውም፤ ጽሑፌ ያምር ነበር።

ጥያቄ ስድስት ስለ ዕቃ ነው። መምህር ኬንጂ ለምሳሌ እንዲሆነን የራሳቸውን ዝርዝር አያይዘውልናል፦ የግንባር ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ የመኝታ ከረጢት፣ የድብ ደወል። የድብ ደወል ማለት ሰውየው ሲራመድ እየጮኸ ድብ እንዲሸሽ የሚያደርግ ትንሽ ደወል ነው። በመኝታ ከረጢት ፋንታ ጋቢ ጻፍኩ። ደወሉ ላይ ግን ቆምኩ።

«ድብ የለንም፤ ጅብ ነው ያለን» አልኩት ሰይድን። «ለጅብ ደወል ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ» አለ ሰይድ። «ጅብ ደወል ሲሰማ በግ መጣ ብሎ በሩጫ ነው የሚመጣልህ።»

ደወሉን ሰረዝኩና ዱላ ብዬ ጻፍኩ።

ጥያቄ ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ተያዝን። «ብትዘገዩ ለማን ይነገር?» ይላል። ፖሊስ እንዳልል ጣቢያው ሩቅ ነው። ሐኪም እንዳልል ሐኪሙ ደሴ ነው። ስልክ እንዳልል፣ ተራራው ወገብ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ዛፍ ላይ ከወጡ ብቻ እንደሆነ ሰይድ ነግሮኛል።

«ሰው ሲጨነቅ እናንተ አገር ማንን ይጠራል?» አልኩት።

«ቅሬ ነዋ» አለ።

ከወሎ ውጭ ለሆናችሁ፣ ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ የታመመ ሰው ሲኖር በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርስ፣ እስላም ክርስቲያኑ በአንድነት የሚገባበት ማኅበር ነው። ጥሪው ከተሰማ ሞፈሩን ጥሎ የማይመጣ የለም። የሰይድ አጎት ጋሽ ይመር ደግሞ የመንደራቸው የቅሬ ዳኛ ናቸው። ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይገኛል? በጥሩ ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰባት ሰዓት ላይ መንደሩ እንደርሳለን። እስከ ስምንት ሰዓት ካልደረስን ለቅሬው ይነገር።» ሥሩን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እኔ ሰው ምን ያህል እንደተጠነቀቅኩ እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ።

የቀረው ሳጥኑ ነበር። አምባሰል ሥር ሳጥን የለም።

«የእኛ ሳጥን ገበያ ነው» አለ ሰይድ። እውነቱን ነው። የዕቅዱን ሁለት ግልባጭ ጻፍኩና ውጫሌ ገበያ ለመጡ ዘመዶቹ ሰጠናቸው። አንዱ ተራራው ሥር ለሚኖሩት ለአክስቱ ለእትዬ ዘሀራ፣ ሌላው ለጋሽ ይመር። ለእትዬ ዘሀራ መላክ ያስፈለገው በዕቅዱ ላይ ቤታቸው ስለተጻፈ ነው፦ «ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ውኃ መጠጣት፤ አሥር ደቂቃ።»

ዋናውን ወረቀት ስሰጣቸው መምህር ኬንጂ ለረጅም ጊዜ አነበቡት። ካርታው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ፣ «በጣም በጥንቃቄ የተጻፈ ነው» አሉ። የዚያን ቀን የሐይቅን ከተማ በባጃጅ ዞሬ ለሁሉም ሰው ብነግር ደስ ባለኝ።

ጉዞው ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። ከሐይቅ በሚኒባስ ውጫሌ ወረድን፤ ከዚያ በእግር። ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ዘሀራ ደጃፍ ደረስን። ደቂቃም አላዛነፍንም። መምህር ኬንጂ ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ሕይወቴ ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ ያለች አልነበረችም። ዕድሜዋም ያው አንድ ደቂቃ ነው።

እኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። በአምባሰል «በእናንተ ቤት አልፋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መልእክት መላክ ማለት፣ «እንግዳችሁ ነኝና አዘጋጁ» ማለት ነው። እኔ ደግሞ መልእክቱን በጽሑፍ፣ በቀይ አስምሬ ነው የላክሁት። ግቢው በሰው ሞልቷል። ጥጉ ላይ የታረደ በግ ተሰቅሏል። ወረቀቴ በሩ መቃን ላይ በሙጫ ተለጥፋለች።

«እትዬ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያለን» አልኩ።

«ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የጎረቤት ልጅ ናት ያነበበችልኝ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «አሥር ደቂቃ ስትለኝ ተሳስታ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ወላሂ ልጄ፣ በአሥር ደቂቃ ጫማ አይወልቅም። ግባ።»

«ዕቅዱ...»

«ዕቅዱን በልተህ ትደርስበታለህ። አብሽር። እሳቸው ይግቡ፤ ጋሼ፣ ይግቡ፣ ቤት የእርስዎ ነው።»

ገባን። ከዚህ በኋላ የሆነው የማንም ጥፋት አይደለም። መምህር ኬንጂ ባደጉበት ባህል የቀረበን ምግብ ሳይጨርሱ መተው ጋባዥን መናቅ ነው። እትዬ ዘሀራ ባደጉበት ባህል ደግሞ የእንግዳ ሰሃን ባዶ ሆኖ ማየት ነውር ነው። መምህር ይጨርሳሉ፤ እትዬ ይሞላሉ። እሳቸው ላብ እያጠመቃቸው ይጨርሳሉ፤ እሳቸው እያመሰገኑ ይሞላሉ። ሁለት ጨዋ ሰዎች ሲገናኙ የሚጎዳው ሆድ ነው። አምስተኛው ሰሃን ላይ መምህር ኬንጂ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ።

«ትንሽ ካስተረፉላቸው ያልቃል» አልኳቸው።

«ይህ በዕቅዱ ላይ መጻፍ ነበረበት» አሉ።

ምርቃቱ አልቆ፣ ማር በጠርሙስ ታስሮልን ስንወጣ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። አሥር ደቂቃው ሦስት ሰዓት ሆነ።

አምባሰልን የማያውቅ ሰው አሁን ይወቀው፤ እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው። ከጣራችን ላይ ሆኜ ስሥለው ለስላሳ የነበረው ወገብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተከመረበት ነው። እኔ በሣልኩት መንገድ ላይ ገደል አለ። ሰይድ ከፊት እየሄደ ካርታዬን ሳያይ መራን። መምህር ኬንጂ በመጀመሪያ እንደ ወጠጤ ነበር የሚዘሉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መራመድ ጀመሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግራ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ጉልበታቸው አብጦ እንደ ዳቦ ሆኗል።

ወደ ላይ አዩ። ሸንተረሩ ቅርብ ይመስላል፤ እንደሚመስለው ግን አይደለም። ሰዓታቸውን አዩ። ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጥያቄ አሥርን አነበቡ፦ «የማይቻል ከሆነ በየት ትወርዳላችሁ?» ከሥሩ የእኔ መልስ አለ፦ «በመጣንበት።»

«ጥሩ መልስ ነው» አሉና ወረቀቱን አጠፉት። «እንመለስ።»

ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው የረጋ ነበር። ወረቀቱን ያጠፉበት እጅ ግን አንዴ ካጠፈ በኋላ ደግሞ ደግሞ አጠፈው፤ የቲኬት ያህል እስኪሆን ድረስ። በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳሉ። ሌላ ሳምንት የለም። ሌላ ጉልበትም የለም።

ያኔ እጄ ሳላስበው ወጣ። እዚያ ተራራ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«መምህር፣ እኔ አምባሰልን ወጥቼ አላውቅም» አልኩ። «አንድም ጊዜ። ካርታውን የሣልኩት ቤታችን ጣራ ላይ ሆኜ ነው።»

ሰይድ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ ሳል ያዘው።

«አውቃለሁ» አሉ መምህር ኬንጂ። «ካርታህ ላይ ተራራው ፊት እንጂ ጀርባ የለውም።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን መጡ?»

ጉልበታቸውን አሹ። «ተራራውን የሚያውቅ ሰው ሁለት መስመር ይጽፋል። የማያውቅና የሚፈራ ሰው ሁሉን ይጽፋል። እኔ ከሚፈራ ሰው ጋር መውጣት እመርጣለሁ።»

ላስነሣቸው እጄን ስዘረጋ ከላይ፣ ከመንደሩ አቅጣጫ፣ የረዘመ ጥሪ መጣ። አንድ ሰው ጉብታ ላይ ቆሞ ይጠራል፤ ከማዶ ሌላው ይቀበለዋል። የሰይድ ፊት ተለወጠ።

«የቅሬ ጥሪ ነው» አለ። «መንደራችን ሰው ሞቷል።»

መምህር ኬንጂ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «የጓደኛችን መንደር ሐዘን ካለ ወደ ታች መሄድ አይገባም» አሉ። ሰይድ ወደ ላይ፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ፣ እሳቸው እያነከሱ ቀጠልን። ሰይድ እየሄደ በዕድሜ የገፉትንና የታመሙትን ዘመዶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ያዝናል። ገና አራተኛው አያቱ ላይ ሳለ መታጠፊያው ላይ ቅሬውን አገኘነው፤ እየወረደ ነው። ስድሳ ሰባ ሰው ይሆናል። ከፊት ቃሬዛ፤ ከኋላው አካፋና ዶማ፤ ከዚያ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ቄስና ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሸህ ጎን ለጎን፤ ከዚያ ሴቶቹ። ከሁሉም ፊት ጋሽ ይመር ወረቀቴን ይዘው።

«አጎቴ፣ ማን ነው የሞተው?» አለ ሰይድ በለቅሶ ድምፅ።

«እንግዳው ነዋ፤ ጃፓኑ» አሉ ጋሽ ይመር። «አስከሬኑ የት ነው?»

መምህር ኬንጂ ቆባቸውን አንሥተው እጅ ነሡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ከሴቶቹ መካከል አንዲቱ፣ «አልሐምዱሊላሂ፤ እኔስ ለማላውቀው ሰው እንባ እንዴት ይመጣል ብዬ ስጨነቅ ነበር» አለች።

ጋሽ ይመር ወረቀቱን እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ከፍ አድርገው ያዙት። «ይህን የጻፈ ማን ነው?»

ይህች ጥያቄ ስትመጣ እጄን ማውጣት የለመደ ሰው ምን ያደርጋል? አወጣሁ።

«እስከ ስምንት ሰዓት ካልደረስን ለቅሬ ይነገር ብለሃል። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ተነገረ። እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፤ ለቅሬ የሚነገረው ምን ሲሆን ነው?»

«ሰው... ሲሞት። ወይም ሲታመም።»

«የትኛው እንደሆነ አልጻፍክም። ስለዚህ ለሁለቱም ይዘን መጣን» አሉ፤ ቃሬዛውንና አካፋውን እያሳዩ። «ደግሞስ አሥራ አንድ ጥያቄ ሞልተህ ዋናውን ጥያቄ ረሳህ። የሰውየው ሃይማኖት ምንድን ነው? ስላልጻፍከው ሁለቱንም አባቶች ከምሳቸው አስነሣን።»

ቄሱና ሸሁ በአንድነት አዩኝ። ሁለቱም አፋቸው ዳር ላይ የምሳቸው ምልክት ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ አካፋውም ተዘጋጅቷል። ጋሽ ይመር ግን ዓይናቸው በመምህር ኬንጂ ጉልበት ላይ አርፎ ኖሯል። ተንበርክከው ዳሰሱት። ወዴት ልትሄዱ ነበር አሉ። ሰይድ ነገራቸው፤ ስለ ሸንተረሩም፣ ስለ ፀሐይዋም፣ ስለ ኦፕራሲዮኑም፣ ሌላ ሳምንት ስለሌላቸውም ነገር። ጋሽ ይመር ተነሥተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥቂት ተማከሩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዳኛ ሆኗል።

«ቃሬዛ ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ቤት አይገባም። ባዶውን ከገባ ሌላ ሰው ይጠራል ይሉ ነበር አባቶቻችን። ስለዚህ ጋሼ፣ ይውጡበት።»

«አይሆንም» አሉ መምህር ኬንጂ። «ሰውን አላስቸግርም። በአገሬ በሕይወት ያለ ሰው ተራራን በእግሩ ነው የሚወጣው።»

«በእኛ አገር ደግሞ የተጠራ ቅሬ ሥራ ሳይሠራ አይበተንም። ያስቸገሩንስ ገና አሁን እምቢ ሲሉ ነው። አብሽር ጋሼ፤ ይቺ ቃሬዛ ለሁላችንም አትቀርም። እርስዎ በጠራራ ፀሐይ፣ እየሣቁ ይሞክሯት።»

መምህር ኬንጂ ሣቁ። ሲያስተምሩን በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ጥርሳቸው እንዲያ ሲታይ አይተን አናውቅም። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «እሺ። ግን ወደ ታች አይደለም።»

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ቅሬው ወደ ላይ ተሸክሞ አያውቅም። መካነ መቃብሩም ታች ነው፤ የመኪና መንገዱም ታች ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ «ወደ ላይ ምን አለና?» አለ። ሸሁ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «እዚያ ምንም ከሌለ ለአንድ ቀን እኛ እንኖርበታለን» አሉ። ቄሱም፣ «ይሁን» አሉ። ጋሽ ይመር ደግሞ፣ «ወደ ላይም መንገድ ነው» ብለው ፈረዱ።

አራት አራት እየሆኑ እየተፈራረቁ ተሸከሟቸው። መምህር ኬንጂ ቃሬዛው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሰው በተቀየረ ቁጥር ለአራቱም በየተራ ያመሰግናሉ። ሴቶቹ፣ እንባቸው ሥራ ስለፈታ፣ ዜማ ጀመሩ። እኔም አንዴ ትከሻዬን ሰጥቼ ነበር፤ ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ አንድ ሽማግሌ ገፍተው ቦታዬን ወሰዱብኝ። «አንተ ጻፍ» አሉኝ። የሸንተረሩ አፋፍ ሲቀርብ መምህር ኬንጂ «አቁሙ» አሉ። ወረዱ። የመጨረሻውን መቶ እርምጃ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በእግራቸው ወጡት። በየእርምጃው ክብደታቸው ትከሻዬ ላይ ይጨምራል። አፋፉ ላይ ስንቆም ጀርባውን አየሁት፤ እኔ ያልሣልኩትን። ሸለቆ ከሸለቆ እየወለደ እስከ ሰማይ ጫፍ ይሄዳል።

«እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ መምህር ኬንጂ። «የመጀመሪያህ ነው።»

በጋሽ ይመር ዘመድ ቤት፣ ከአፋፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ አደርን። ቅሬው ግማሹ ወረደ፤ ግማሹ ግን፣ «ይህን ያህል ለፍተንማ ፀሐይዋን ሳናይ አንሄድም» ብሎ ቀረ። ጠዋት ሁላችንም ጋቢያችንን ተከናንበን ተደርድረን ተቀመጥን። ፀሐይዋ ከቆላው ጭጋግ ውስጥ ወጣች። ለዘመናት እዚያ የኖሩት ሰዎች ፀሐይዋን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩ ሆነው አዩዋት። በደቡብ በኩል በሩቅ አንድ ነገር አበራ። እኔ የእኛ ሐይቅ ነው አልኩ፤ ሰይድ አርዲቦ ነው አለ፤ አንድ ሰው የቆርቆሮ ጣራ ነው አለ። የእኛ ቤት ጣራም ሊሆን ይችላል፤ ለጊዜው ማንም ስላልተቀመጠበት ያበራ ይሆናል።

ቄሱ መረቁ፤ አሜን አልን። ሸሁ መረቁ፤ አሚን አልን። መምህር ኬንጂ ለሁለቱም ጎንበስ አሉ። እንባቸውን የጠረጉት በድብ ደወሉ ማሰሪያ ነበር፤ ለካ ደወሉን በኪሳቸው ይዘውት ኖሯል።

ስንወርድ ጋሽ ይመር ቅጣቴን ነገሩኝ። ቅሬን ያለ ሐዘን የጠራ ሰው የቅሬው አባል መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለ ሕግ እስከዚያች ቀን አልነበረም፤ ያን ጊዜ ወጣ። ስሜን በመዝገቡ ጻፉት። መምህር ኬንጂም «እኔም ጠርቻለሁ» ብለው አስጻፉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ከደሴ ተጠርቼ ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ለእውነተኛ ሐዘን። ቃሬዛውን ስሸከም አሁን ማንም ቦታዬን አይወስድብኝም።

መምህር ኬንጂ በሳምንቱ ሄዱ። ባለፈው ወር ፖስታ መጣልኝ። ኦፕራሲዮኑ በደህና አልቋል። ሐኪሙ ተራራ አይታሰብም ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ቃሬዛው ሲነግሩት፣ «በዚያ ዓይነት ከሆነ ይቻላል» ብሏቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት ይመጣሉ። ፖስታው ውስጥ አዲስ ቅጽ አለ። ጥያቄ ዘጠኝን እሳቸው እንደ እንቁላል አንድ በአንድ ባስቀመጡት ፊደላቸው ሞልተውታል፦ «ብንዘገይ፦ ለቅሬያችን ይነገር። አልሞትንም፤ በልተን ነው።» ለእትዬ ዘሀራ ቤት የተሰጠው ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ወደ ግማሽ ቀን ከፍ ብሏል።

ጥያቄዎቹ አሁን አሥራ ሁለት ሆነዋል። አሥራ ሁለተኛው ለመሪው ብቻ የተተወ ነው፦ «ይህን ተራራ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ወጥተሃል?»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ለረጅም ጊዜ አሰብኩ፤ በሕይወቴ ቅጽ ስሞላ እንዲያ አስቤ አላውቅም። ከዚያ በጥሩ ጽሑፍ፣ ሥሩን ሳላሰምር ጻፍኩ፦

«አንድ ጊዜ።»